ለስባሪ ጡብ ጥብቅና

በጥንታዊ ከተማ መካከል ለአዲስ ሕንጻ መሠረት ሲቆፈር ከአፈሩ ጋር የሚወጣው ነገር ሁሉ እኩል ክብር አያገኝም። የወርቅ ሳንቲም ወይም የእብነ በረድ ሐውልት ብቅ ያለ እንደ ሆነ ወሬው በማግሥቱ በጋዜጣ ይወጣል፤ ዕቃውም በቤተ መዘክር መስተዋት ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል። ከዚያው ጉድጓድ በሣጥን በሣጥን የሚጋዘው የጡብ ስባሪ፣ የጣሪያ ሸክላ ቁራጭና የኖራ ፍርስራሽ ግን ይቆጠራል፣ ይመዘናል፣ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ከዚያም አብዛኛው ተመልሶ ይጣላል። በዚህ ጽሑፍ ጥብቅና የምንቆመው ለዚህ ለሚጣለው ነው። ክርክራችንም የተመሠረተው በፊዚክስ ላይ ነው። በእሳት ያለፈ ሸክላ ሁሉ በውስጡ ሰዓት ይዞ ይኖራል። ይህን ሰዓት በትክክል ለማንበብ ከጡቡ ሌላ በላዩ የተጣበቀው ኖራና የተቀበረበት አፈር ያስፈልጋሉ። ስለሆነም ምን እንደሚጣልና ምን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ደንብ ይህን ዕውቀት ያካተተ ሊሆን ይገባል እንላለን።

ጉዳዩ በጥቅሉ ከሚነገር ይልቅ በአንድ ከተማ ላይ ቢታይ የበለጠ ይገለጣል። ለዚህም ለንደንን መርጠናል። በአንድ ስፍራ ላይ ለሁለት ሺሕ ዓመታት ያህል ሲገነባ፣ ሲቃጠል፣ ሲፈርስና እንደ ገና ሲገነባ የኖረ ከተማ በመሆኑ፣ የሮማውያኑም የመካከለኛው ዘመን ሰዎችም የግንባታ ዕቃ ከአንዱ ጉድጓድ ተደራርቦ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮማውያን የተዉት ክምር

ሮማውያን ብሪታንያን መውረር የጀመሩት በ43 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በቴምዝ ወንዝ ዳር ሎንዲኒየም የተባለችውን ከተማ ቆረቆሩ። ከእነርሱ በፊት የደሴቲቱ ነዋሪ ቤቱን የሚሠራው በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ክዳን ነበር፤ ተተኩሶ የተዘጋጀ ጡብና የጣሪያ ሸክላ የገባው ከእነርሱ ጋር ነው።

ጡባቸው በልክ የተሠራ ነበር። መለኪያው የሮማውያን ጫማ ሲሆን በዛሬው ስፍር 29.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ትንሹ ካሬ ጡብ የዚህን ሁለት ሦስተኛ፣ መካከለኛው አንድ ጫማ፣ ትልቁ ደግሞ ሁለት ጫማ የሚያህል ጎን ነበረው። ትንንሾቹ እየተደራረቡ በመታጠቢያ ቤቶችና በባለጸጎች መኖሪያ ወለል ሥር እንደ አጫጭር ምሰሶ ይቆሙ ነበር፤ በምሰሶዎቹ መካከልም ከምድጃ የሚመጣው ሙቅ አየር ይዘዋወራል። ትልልቆቹ ከላይ ሆነው ወለሉን ይሸከማሉ። በግድግዳው ውስጥ ሣጥን መሰል ክፍት ሸክላዎች ተቀጣጥለው ሙቀቱን ወደ ላይ ይመሩታል። ጣሪያው ጠርዙ ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ሸክላ ይለበጥና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ግማሽ ቱቦ የመሰለ ሌላ ሸክላ ይደፋበታል። ስባሪው እንኳ አይባክንም ነበር፤ ተፈጭቶ ከኖራ ጋር ይለወሳል። በእሳት ባለፈው ሸክላ ውስጥ ያሉት ሲሊካና አሉሚና ከኖራው ጋር ስለሚዋሐዱ ድብልቁ እርጥበትን የሚቋቋም ይሆናል፤ ለመታጠቢያ ገንዳና ለወለል የተመረጠውም ስለዚህ ነው።

በ200 ዓ.ም. ገደማ የተገነባው የከተማይቱ ቅጥር 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ድንጋዩ የመጣው ከኬንት ሲሆን በየመካከሉ የጡብ ረድፍ ገብቶበታል። በ1962 በብላክፍራያርስ ከቴምዝ ጭቃ ውስጥ የተገኘችው የሮማውያን ዘመን መርከብ 26 ቶን ያህል የዚሁ ድንጋይ ጭነት ነበረባት። ከዚህ እንደምንረዳው አንድ ድንጋይ ወይም አንድ ጡብ ከየት እንደ መጣ ማወቅ የወንዙን ንግድ፣ የጉልበቱን አደረጃጀትና የአስተዳደሩን አቅም ማወቅ ነው። ሸክላውም እንዲሁ ነው። ከለንደን ወደ ሴንት ኦልባንስ በሚወስደው የሮማውያን መንገድ አካባቢ ከነበሩት እቶኖች የወጣው ቀይ ሲሆን፣ በኬንት ከኤክልስ የመጣው ግን ቢጫ ነው፤ ልዩነቱ በጭቃው ውስጥ ባለው የማዕድን ይዘት ነው።

ከዚህ ሁሉ ክምር ውስጥ ሰው የሚወደው ጥቂቱን ነው። የክፍለ ሀገሩ የግምጃ ቤት ሹም ማኅተም ያረፈባቸው ሸክላዎች አሉ። ጭቃው ሳይደርቅ ውሻ ረግጦት የእግሩ ዱካ የቀረባቸውም አሉ። በአንዱ ሸክላ ላይ ደግሞ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ አውስታሊስ የተባለው ባልደረባው ለ13 ቀናት በየዕለቱ ብቻውን እየሄደ እንደሚጠፋ በላቲን ጫር ጫር አድርጎ ጽፎበታል። እነዚህ ያለ ክርክር ይቀመጣሉ፤ መቀመጣቸውም ተገቢ ነው። ጥያቄው ጽሑፍም ዱካም ስለሌለባቸው በሺሕ የሚቆጠሩ ስባሪዎች ነው።

የሮማ ጡብ በመካከለኛው ዘመን ግድግዳ

የሮማ አስተዳደር በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲያበቃ ጡብ የመተኮስ ሙያም አብሮ ጠፋ። በእንግሊዝ አገር ጡብ እንደ ገና መሠራት የጀመረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በኤሴክስ የሚገኘው የኮግሻል ገዳም ጡቦች ከቀደምቶቹ መካከል ይቆጠራሉ። በመካከል ባሉት ብዙ መቶ ዓመታት ጡብ የፈለገ ግንበኛ ከሮማውያን ፍርስራሽ ይወስድ ነበር። ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ የሴንት ኦልባንስ ገዳም ነው። አበ ምኔቱ የካኑ ፖል በ1077 ያስጀመረው ይህ ሕንጻ፣ በተለይም ማማው፣ ከፈረሰችው የሮማውያን ከተማ ከቬሩላሚየም በተለቀመ ጡብ የተገነባ ነው። ድንጋይ ከሩቅ ከማስመጣት በአጠገብ ያለውን ጡብ ማንሣት ይቀላል።

በለንደንም ከለንደን ግንብ አጠገብ በሚገኘው የኦል ሃሎውስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሮማ ጡብ የተሠራ ቅስት አለ። ቅስቱ ለዓይን የተገለጠው በ1940 ከተማው በአውሮፕላን ቦምብ ሲደበደብ የኋለኛው ዘመን ግድግዳ ፈርሶ ነው። ለረጅም ጊዜ የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ሲባል ቆይቷል፤ ይህን የሚጠራጠሩና ዕድሜውን በብዙ መቶ ዓመታት ወደ እኛ የሚያቀርቡ ምሁራንም አሉ። ክርክሩ ሊነሣ የቻለው የጡቡ ዕድሜና የቅስቱ ዕድሜ የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ጡቡ የተተኮሰው በሮማውያን ዘመን ነው፤ ቅስቱ የታነጸው መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ ግን ጡቡ ብቻውን መልስ አይሰጥም።

በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ላይ ሌላ ታሪክ ይመጣል። በ1212 ከባድ ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ የለንደን ሹማምንት የሣር ክዳንን የሚከለክል ደንብ አወጡ። ከዚያ ዘመን ወዲህ ባለው የአፈር ንብርብር ውስጥ በእንጨት ችንካር የሚንጠለጠለው ጠፍጣፋ የጣሪያ ሸክላ በብዛት ይገኛል። በ1477 ደግሞ የወጣ የመንግሥት ሕግ የዚህን ሸክላ ልክ በኢንች ወሰነ፤ ርዝመቱ አሥር ተኩል፣ ስፋቱ ስድስት ከሩብ እንዲሆን። ሕግ ሲወጣ ምን ያህል እንደ ተከበረ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬም ስባሪውን እየለካ ሊፈትን ይችላል። ለዚህ ግን አንድ ያማረ ሸክላ አይበቃም፤ ብዙ ተራ ሸክላ ያስፈልጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የተራው ስባሪ ጉልበት ብዛቱ ነው።

ጎተራው ውስጥ ያለው ብርሃን

አሁን ወደ ሙያችን እንግባ። ጡብ የሚሠራበት ጭቃ ውስጥ እንደ ኳርትዝና ፌልድስፓር ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። በራሱ በጭቃውና በአካባቢው አፈር ውስጥ ደግሞ እጅግ አነስተኛ መጠን ያላቸው ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታስየም ይገኛሉ። ከእነዚህ የሚወጣው ጨረራ በክሪስታሉ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ያፈናቅላል። ከተፈናቀሉት አንዳንዶቹ በክሪስታሉ ጉድለቶች ውስጥ እንደ ወጥመድ ተይዘው ይቀራሉ። ዓመታት በተቆጠሩ ቁጥር የተያዙት ኤሌክትሮኖች ይበዛሉ። ክሪስታሉ በ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሞቀ እንደ ሆነ ግን ወጥመዶቹ ይለቋቸዋል፤ ኤሌክትሮኖቹም ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ደካማ ብርሃን ይፈነጥቃሉ። ይህ ክስተት ቴርሞሉሚነሰንስ ይባላል። ሮበርት ቦይል አልማዝን በሰውነቱ ሙቀት አሙቆ በጨለማ ሲያበራ ማየቱን በዚያው በለንደን የገለጸው በ1663 ነበር። ለሸክላ ዕድሜ መለኪያነት ግን ሐሳቡ የቀረበው በ1953 በአሜሪካ በእነ ፋሪንግተን ዳንኤልስ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ በኦክስፎርድ በእነ ማርቲን ኤትከን ጥረት የሠመረ የላቦራቶሪ ዘዴ ሆነ።

አንባቢ ነገሩን በጎተራ ቢመስለው ይቀለዋል። ጡቡ በእቶን ሲተኮስ ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ዓይነት መጠን ያለው እህል ይገባበታል። ዛሬ በጎተራው ያለውን ሰፍረን በየዓመቱ ለሚገባው ብናካፍል ጎተራው ከተከፈተ ስንት ዓመት እንደ ሆነው እናውቃለን። ለምሳሌ ያህል ጡቡ በዓመት 3 ሚሊ ግሬይ የሚቀበል ቢሆንና በላቦራቶሪ የተለካው ጠቅላላ መጠን 6 ግሬይ ቢሆን ዕድሜው 2,000 ዓመት ነው፤ የሮማውያን ጡብ ነው። ጠቅላላው 2.4 ግሬይ ብቻ ከሆነ ግን ዕድሜው 800 ዓመት ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የተተኮሰ ነው። ስሕተቱ ከመቶ 5 እስከ 10 ይደርሳል ብንል እንኳ ሁለቱ ዘመናት ፈጽሞ አይምታቱም። ዘዴው በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው በሰነድ በሚታወቅ የጡብ ሕንጻዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ ከሰነዱ ጋር የተስማማ ሆኗል። በ2007 በደርሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የታተመው ጥናት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የታተርሾል ግንብ ይጨምራል።

የዘዴውን ወሰንም መናገር ግዴታችን ነው። በ2,000 ዓመት ላይ ከመቶ 5 ማለት 100 ዓመት ማለት ነው። በ60 ወይም በ61 ዓ.ም. ንግሥት ቡዲካ ለንደንን ባቃጠለችበት ጊዜ የቆመን ቤት ከ60 ዓመት በኋላ በሌላ ቃጠሎ ከጠፋው ለመለየት ቴርሞሉሚነሰንስ አይበቃም። ለዚህ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው የሸክላ ዕቃ ዓይነት፣ ሳንቲምና የእንጨት ዕድሜ ቀለበት የተሻሉ ምስክሮች ናቸው። እኛ የምንለው ፊዚክስ የአርኪዮሎጂን ቦታ ይውሰድ አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ችሎት ይቁሙ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ በየዓመቱ ከሚገባው ጨረራ ከፊሉ የሚመጣው ጡቡ ከተቀበረበት አፈር ነው። በጡቡና በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃም ጨረራውን ስለሚያስቀር በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። እንግዲህ ጡቡ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አፈሩ ከተጣለ በኋላ ወደ ላቦራቶሪ ቢመጣ ጎተራውን መስፈር እንችላለን፤ በየዓመቱ ስንት እንደ ገባ ግን በግምት እንድንናገር እንገደዳለን።

ኖራ ሲደርቅ የሚተነፍሰው አየር

ጡብ መቼ እንደ ተተኮሰ ማወቅ፣ ቀደም ብለን በኦል ሃሎውስ ቅስት እንዳየነው፣ ግድግዳው መቼ እንደ ታነጸ ማወቅ አይደለም። ይህን ሁለተኛ ጥያቄ የሚመልሰው ኖራው ነው። ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣለት ነው። የተቃጠለው ኖራ በውኃ በርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በጡብና በጡብ መካከል ሲገባ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ዳግመኛ ድንጋይ ይሆናል። በዚያች ወቅት የሳበው ካርቦን የዘመኑን አየር ካርቦን 14 ይዞ ይቀራል። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ስለሆነ የቀረውን ለክቶ ኖራው የደረቀበትን ዘመን መናገር ይቻላል። ፈረንሳውያኑ ላበይሪና ደሊብሪያስ ስለዚህ ዘዴ የጻፉት በ1964 ነበር።

ዘዴው ወጥመድ አለበት። ሳይቃጠል የቀረ የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ በድብልቁ ውስጥ ካለ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ያስቆጠረ ካርቦን ስለሚያስገባ ግድግዳውን ያስረጀዋል። በወፍራም ግድግዳ መካከል ያለው ኖራ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ግድግዳውን ወጣት ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ ናሙናው ከየትኛው የግድግዳ ክፍል እንደ ተወሰደ በጥንቃቄ መመዝገብ አለበት።

ሁለቱ ምስክሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚሆነውን እንመልከት። ጡቡ 1,900 ዓመት፣ በላዩ የተጣበቀው ኖራ ደግሞ 950 ዓመት ቢሰጡን አንዱ ተሳስቷል አንልም። የሮማ ጡብ በመካከለኛው ዘመን ግንበኛ እጅ ዳግመኛ ሥራ ላይ መዋሉን እናነባለን። የከተማ ታሪክ ማለት በአብዛኛው ይህ ነው፤ የቀደመው ያቆመውን የኋለኛው አፍርሶ እንደ ገና ማቆም። ይህን ታሪክ ለማንበብ ግን ጡቡና ኖራው ሳይለያዩ መገኘት አለባቸው።

የሚሳሳት የሚመስል ሰዓት

ሸክላ ሌሎች ሰዓቶችም አሉት። በጭቃው ውስጥ ያለው የብረት ኦክሳይድ በእቶን ሞቆ ሲቀዘቅዝ የዚያን ጊዜውን የምድር መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫና ጥንካሬ ይቀርጻል። ማግኔታይት የተባለው ማዕድን ከ580 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መግነጢሱን ያጣል፤ ሲቀዘቅዝ አዲሱን ይይዛል። የምድር መስክ አንድ ቦታ የማይረጋ መሆኑም በለንደን ራሱ የታወቀ ነገር ነው። በ1580 የኮምፓስ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን 11 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብል ነበር። በ1634 ወደ 4 ዲግሪ ወረደ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ነበር። በቦታው ያልተነካ ምድጃ አቅጣጫውንም ጥንካሬውንም ያስረዳል፤ ከቦታው የተነሣ ጡብ አቅጣጫውን ቢያጣም ጥንካሬውን እንደ ያዘ ይኖራል።

በ2009 ደግሞ በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የሞይራ ዊልሰን ቡድን ሌላ ሐሳብ አቀረበ። ሸክላ ከእቶን ከወጣበት ቀን ጀምሮ ከአየር እርጥበት እየሳበ እጅግ በዝግታ ክብደት ይጨምራል፤ ጭማሪውም ከጊዜው አራተኛ ሥር ጋር ይመጣጠናል። ቡድኑ ዘዴውን ከፈተነባቸው ጡቦች አንዱ ከካንተርበሪ የመጣ የመካከለኛው ዘመን ጡብ ነበር። መለኪያው የሰጠው ዕድሜ ግን 66 ዓመት ገደማ ሆነ። ነገሩ ሲመረመር ካንተርበሪ በ1942 በእሳት ቦምብ መቃጠሏ ተገኘ። ቃጠሎው በጡቡ ውስጥ የነበረውን ውኃ አስወጥቶ ሰዓቱን ወደ ዜሮ መልሶት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ላቦራቶሪዎች የተደረጉ ሙከራዎች ዘዴው ገና ብዙ ጥንቃቄ እንደሚያሻው አሳይተዋል። ይሁን እንጂ የካንተርበሪው ጡብ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የተጠየቀውን ባይመልስም በእርሱ ላይ የደረሰውን በትክክል ተናግሯል። በ1666 ያ ሁሉ ቤት በነደደበት በለንደንም ከአፈር የሚወጣ ጡብ የየትኛውን እሳት ትዝታ እንደ ያዘ ለማወቅ የት፣ በየትኛው ንብርብር፣ ከምን ጋር እንደ ተገኘ መታወቅ አለበት።

የመጋዘኑ ክርክር

የሚቃወሙን ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ1990 ወዲህ በተሠራበት መመሪያ መሠረት፣ በከተማ ውስጥ የሚገነባ ባለሀብት ግንባታው የሚያጠፋውን ቅርስ አስቀድሞ የማስጠናት ግዴታ አለበት። መመሪያው የወጣው በለንደን ሃጊን ሂል የሮማውያን መታጠቢያ ቤትና የሮዝ ቴያትር ፍርስራሽ በ1989 ከፍተኛ ክርክር ካስነሡ በኋላ ነው። ቁፋሮው እየበዛ ሲሄድ ዕቃው መጋዘን አጥለቀለቀ። የለንደን የአርኪዮሎጂ ማኅደር በ2012 በዓለም ትልቁ ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ጡብ ከባድ ነው፤ ቦታ ይይዛል፤ መጋዘንም ኪራይና ጠባቂ ይፈልጋል። ሁሉንም እናስቀምጥ ማለት መጨረሻው ሁሉንም መጣል ይሆናል። ባለሙያዎቹ ከመጣላቸው በፊት መቁጠራቸው፣ መመዘናቸውና የጭቃውን ዓይነት መለየታቸው የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ከላይ ስለ ቀዩና ስለ ቢጫው ሸክላ የጻፍነውን ያወቅነውም ከዚሁ ትጋት ነው።

ሆኖም የመዝገቡ ቁጥር የጡቡን ቦታ አይተካም። ክብደትና ቀለም በ1970 ሊጠየቅ የሚችለውን ጥያቄ ይመልሳሉ። በ2009 የተጠየቀውን ጥያቄ የሚመልሰው ግን ጡቡ ራሱ ነበር። ወደ ፊት የሚመጣውን ጥያቄ ዛሬ ማንም አያውቀውም፤ የተጣለ ጡብ ደግሞ ዳግመኛ አይጠየቅም። ያማረውን መርጦ ማስቀመጥም መፍትሔ አይሆንም። ማኅተም ያለበት ወይም ሙሉ ሆኖ የተገኘ ሸክላ ስለ ብዙኃኑ አይመሰክርም፤ በዚያም ላይ ለቤተ መዘክር ክብር የበቃ ዕቃ ተቦርቡሮ ናሙና እንዲወሰድበት የሚፈቅድ የለም። ለፊዚክስ ሊቁ የሚመቸው ማንም የማያዝንለት ተራ ስባሪ ነው።

ስለሆነም የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ዋና የአፈር ንብርብርና ከእያንዳንዱ ግድግዳ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ጥቂት ስባሪዎች ሳይታጠቡና በእሳት ሳይደርቁ ይቀመጡ። ከነዚህ ቢያንስ አንዱ ኖራው ያልተላቀቀለት ይሁን። ጡቡ የነበረበት አፈር በእፍኝ ተወስዶ እርጥበቱ እንዳይተን በላስቲክ ታሽጎ አብሮ ይቀመጥ። የተገኘበት ጥልቀትና ስፍራም ከዕቃው ጋር ታስሮ በሚኖር ጽሑፍ ይመዝገብ። ምርጫውም በውበት ሳይሆን በዕጣ ወይም በሌላ አድሎ በሌለው የናሙና ዘዴ ይሁን። ይህ ሁሉ ከአንድ ትልቅ ቁፋሮ ጥቂት ሣጥኖችን ቢሞላ ነው። ሌላው ተቆጥሮና ተመዝኖ ቢጣል አንከራከርም።

ጡብ በአክሱም

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአክሱም ሕንጻዎች በአመዛኙ የድንጋይ ሥራ መሆናቸው ይታወቃል። ይሁንና ሮማውያን የለንደንን ቅጥር ከሠሩ ከመቶ ዓመት በኋላ ገደማ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአክሱም የሐውልቶች ሜዳ ሥር ባለ መቃብር ውስጥ በተተኮሰ ጡብ የተሠሩ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ቅስቶች ቆመው ነበር። መቃብሩ በ1974 በኔቪል ቺቲክ ቁፋሮ ተገልጦ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በዴቪድ ፊሊፕሰን ቡድን እንደ ገና ተጠንቷል። የጡብ ቅስቶች መቃብር የሚባለውም ስለዚህ ነው። እነዚህም ጡቦች በእሳት አልፈዋልና ያንኑ ሰዓት በውስጣቸው ይዘዋል።

ክርክሩን ወደ አገራችን ያመጣነው በዚህ ምክንያት ነው። መጋዘኑ ያልሞላ አገር የማስቀመጫ ደንቡን ከመጀመሪያው አስተካክሎ ለመጀመር ይችላል። አፈርን በላስቲክ ማሸግ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በጉድጓዱ አፍ ላይ የአርኪዮሎጂ ባለሙያውና የፊዚክስ ተማሪው አብረው መቆማቸውን ነው። የፋኩልቲያችን ተማሪዎች የጨረራን ሕግ በሰሌዳ ላይ ብቻ ከሚማሩት ይልቅ በአንድ ስባሪ ጡብ ላይ ቢለኩት ትምህርቱም ይጠልቃል፤ ለታሪክ ክፍልም ያልጠበቀው አጋዥ ይገኝለታል።

በእቶኑ ደጅ የቆመው የሎንዲኒየም ሠራተኛ ጡቡን የሠራው ግድግዳ እንዲሆን ነው፤ ከግድግዳው የነቀለው የመካከለኛው ዘመን ግንበኛም የፈለገው ሌላ ግድግዳ ነበር። የሥራቸውን ዘመን በኳርትዝና በኖራ ውስጥ የጻፈው እሳቱና አየሩ ነው። ጽሑፉን ማንበብ ከተቻለ ገና ብዙ ዓመት አልሆነም። እንግዲህ ጡቡን ከማጠባችን በፊት፣ ከመጣላችንም በፊት፣ ከአፈሩ ጋር አንድ ሣጥን እናስቀር።